የኮሶው ጥላ ልክ

ሜትሩን በኪሴ፣ ቅጹን በብብቴ ይዤ፣
እንጅባራ ገባሁ ሌሊቱን ተጉዤ።
ደብዳቤው አጭር ነው፤ «ስለ መናፈሻው ቤት፣
ይፍረስ ወይስ ይቆይ፣ ይሰጥ አስተያየት።»
ክብ ማኅተም አለው፤ ከማኅተሙም በላይ፣
ሊተካው የታሰበ መስተዋት እስከ ሰማይ።

ሰኔ ነው። ጭጋጉ አጥሩን አልለቀቀም።
ቤቱ ከሩቅ ሲያዩት ቤት እንኳ አይመስልም፤
ጉብታው ራሱ ትንሽ ቀና ብሎ
አርማታ የሆነ፣ ሣሩን በጀርባው አዝሎ።
ጣሪያው መሐል ለመሐል ክብ ቀዳዳ አለው፣
ኮሶ ነው በዚያ በኩል ሰማይ የሚያየው።

አያ እንዳላማው መጡ፣
ድሮ አናጢው፣ ዛሬ ዘቡ፣
አንካሴያቸውን በክርናቸው አንጠልጥለው።
«ይኸ ከተማ» አሉኝ «ኮሶበር ነበረ ስሙ፤
ኮሶውን ቆርጠው ቆርጠው በሩ ቀረ ብቻውን።
ይኸ አንዱ የተረፈው መሐንዲሱ ሰነፍ ስለነበር ነው።»
ሳቁ።
«ሦስት ቀን ተቀመጠ ከግንዱ ሥር፣ ምንም ሳይሠራ።
ጠዋት ጥላው የወደቀበትን በኖራ ያሰምራል፣
ቀትር ላይ ያሰምራል፣ ማታም።
እኛም የቀን ሒሳባችን እስካልተነካ፣ ዝም።
በአራተኛው ቀን ተነሣና
‹ግድግዳው እዚህ› አለ፤ ጥላው ካለቀበት።

ጣውላ የጫነው መኪና ዓባይ በረሃ ተሰበረ።
ክረምቱ ግን አይጠብቅም፤ አንድ ሳምንት ቀረ።
ቀርከሃ ቆረጥን፣ ሰነጠቅን፣ ጎን ለጎን አሰርን፣
በዚያ ካሳፎርማ አርማታውን ሞላን።
ሲደርቅ ነቀልነው።
ነቀልነው አልሁ እንጂ፣ መች ሄደ?
ይኸው አንጓው። ዳስሺው።»

ዳሰስሁት።
አንጓ፣ ዝቅ ብሎ አንጓ፣ ደግሞ አንጓ፤
ድንጋይ የሆነ ጫካ በጣቴ ሥር፣
ቀርከሃው በስብሶ ካለቀ ከሃምሳ ዓመት በኋላ
አበቃቀሉን ያልረሳ።

ቅጹን ሞላሁ። ስንጥቅ፦ ስምንት ቦታ።
ፌሮ፦ በምዕራብ በኩል ዝጎ ይታያል።
ግድግዳ፦ የተማሪ ስም፣ በከሰል፣ ከነልቡ።
ለጥላ የሚሆን ዓምድ ፈለግሁ፤ የለም።

ዝናቡ መጣ፣ ሳያስጠነቅቅ።
ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቅርጫታቸውን ከነድንቹ አቅፈው ገቡ፤
አንድ የጋሪ ፈረስ ከነጋሪው ገባ፣ ማንም ውጣ አላለውም፤
ኬሚስትሪ የሚያጠና ልጅ ቀና ብሎ አየን፣
ፈረሱን አየ፣
ወደ ደብተሩ ተመለሰ።
ውሃው በጣሪያው ሣር ተንሸራቶ
በድንጋይ አፍ ወረደ፣ በቦዩ ዞረ፣
ወደ አንድ ባዶ መሬት ሄደ።

«የት ነው የሚሄደው?»
«ወደ ቀርከሃው።»
«ቀርከሃ አይታየኝም።»
«የለማ! ካቻምና ለአጥር ቆረጡት፤
ሥሩንም ለድንኳን ማቆሚያ ብለው ጠረጉት።
ውሃው ግን ወሬውን አልሰማም፣ እንደለመደው ይሄድለታል።
መሐንዲሱ ሲሰናበት ምን አለኝ መሰለሽ?
‹እንዳላማው፣ ቤቱ ሲያረጅ የምትጠግንበትን
ተክዬልሃለሁ› አለኝ።
ይኸው አረጀ። በምን ልጠግነው?»

መልስ አልነበረኝም። ፀሐይ ስትመለስ፣
የኮሶው ጥላ ወጣ እስከ ሜዳው ድረስ፣
ግድግዳውን አልፎ፣ ቦዩን ተሻግሮ።
ሜትሩን ዘረጋሁ፤ ሽማግሌው ጫፉን ያዙልኝ።
ሁለት ሜትር ከአርባ።
ቤቱ ባለበት ሲቆም ዛፉ አድጓል።

«የቤቱ ስፋት» በሚለው መስመር
ጥላውን ደምሬ ጻፍሁ።
«የጎደለ ዕቃ» በሚለው፦ ቀርከሃ፣ አንድ ጓሮ ሙሉ።
ፈረምሁ። ወረቀቱ እርጥብ ነበርና
ቀለሙ ትንሽ ፈሰሰ።
ላሳያቸው ዞር ስል አያ እንዳላማው አጠገቤ የሉም፤
ቦዩ ከሚያልቅበት ጎንበስ ብለው
በአንካሴያቸው ጫፍ ጉድጓድ ይምሳሉ።